ሶኬቱ ተሠራ፤ መርከቡስ ስንት ሰዓት ተሰካ?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ ወደብ ገብቶ፣ ገመዱ ታስሮ፣ ዋና ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ጭስ ማውጫው መጨሱን አያቆምም። መብራቱ፣ የውኃና የዘይት ፓምፖቹ፣ የሞተር ክፍሉ ማራገቢያዎች፣ የሠራተኞቹ ኩሽና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥጋና ፍራፍሬ የያዙት ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ። ይህን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ረዳት ሞተር የሚባሉት የናፍጣ ጄኔሬተሮች ናቸው። የዛሬው ርእሳችን እነዚህን ጄኔሬተሮች አጥፍቶ መርከቡን ከየብስ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ማሠራት ነው።

ሥራው ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ኬብል ይዘረጋል፣ ይሰካል፣ ሞተር ይጠፋል። ወደቦች በምርቃት ቀን የሚያነቡት ቁጥርም ስንት ሜጋ ዋት እንደገነቡ የሚናገር ነው። እኔ ላነሳው የምፈልገው ቁጥር ግን ሌላ ነው፤ መርከቡ ወደብ ላይ ከቆየበት ሰዓት ስንቱን ተሰክቶ አሳለፈ? አየሩን የሚያጸዳው ይህ ሰዓት ብቻ ነው። የሚባክነውም ባብዛኛው በትልቅ ብልሽት አይደለም፤ ማንም ልብ በማይላቸው ጥቃቅን ምክንያቶች ነው።

እስቲ ስሌቱን አብረን እንሥራው። መካከለኛ መጠን ያለው ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ ቆሞ ሳለ 1.5 ሜጋ ዋት ይጠቀማል እንበል፤ ብዙ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ከጫነ ከዚህ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። 40 ሰዓት ቢቆም 60,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ረዳት ሞተር ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 215 ግራም ያህል ነዳጅ ያቃጥላል፤ ስለዚህ በዚህ አንድ ቆይታ 13 ቶን ገደማ ናፍጣ ያልቃል። አንድ ቶን ናፍጣ ሲቃጠል 3.2 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ በጠቅላላው 41 ቶን ማለት ነው። የናይትሮጅን ኦክሳይዱን መጠን በኪሎ ዋት ሰዓት 12 ግራም ብንይዘው ደግሞ 720 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚወጣው ባሕር መሀል አይደለም። ክሬን የሚያንቀሳቅሰው፣ ኮንቴይነር የሚያስረው፣ መኪናውን አሰልፎ ተራ የሚጠብቀው ሰው እዚያው ይተነፍሰዋል፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው መንደርም እንዲሁ። በሲያትል ወደብ ኮንቴይነር ከሚያመላልሱት ሹፌሮች መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ብዙ ናቸውና ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተር ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012 ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል።

በከፍተኛ ቮልቴጅ መሰካት የተጀመረው በቅርብ ነው። የስዊድኑ ጎተንበርግ እ.ኤ.አ. በ2000 ለተሽከርካሪ ጫኝ መርከቦች፣ አላስካ ውስጥ ጁኖ በ2001 ለቱሪስት መርከቦች ጀመሩ። ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ የሰካው የመጀመሪያው ወደብ ሎስ አንጀለስ ነው፤ ዓመቱ 2004። ወደቡ ለዚህ የበቃው በራሱ ተነሳሽነት ብቻ አልነበረም። አዲሱን ተርሚናል በመቃወም የአካባቢ ተቆርቋሪዎችና በአቅራቢያው የሚኖሩ ሰዎች ክስ መሥርተው ስለነበር፣ በ2003 በተደረሰው ስምምነት መርከቦቹ እንዲሰኩ ተወሰነ።

ከዚያ በኋላ የካሊፎርኒያ ሕግ መጣ። የመጀመሪያው ደንብ የአንድ ኩባንያ መርከቦች ከሚያደርጉት ጉብኝት ምን ያህሉ ተሰክቶ ማለፍ እንዳለበት በድርሻ የሚደነግግ ነበር፤ ከ2014 ጀምሮ ከመቶ 50፣ ከ2017 ከመቶ 70፣ ከ2020 ከመቶ 80። በ2020 የጸደቀውና ኮንቴይነር ጫኞችንና የቱሪስት መርከቦችን ከ2023 ጀምሮ የሚያስገድደው አዲሱ ደንብ ግን እያንዳንዱን ቆይታ ለየብቻ ይመለከታል። መርከቡ ለሥራ ዝግጁ ከተባለበት ጊዜ አንሥቶ በ2 ሰዓት ውስጥ መሰካት (ወይም ሌላ የተፈቀደ የልቀት መቀነሻ መጠቀም) አለበት፤ መርከቡን ከወደብ መርቶ የሚያስወጣው ፓይለት ከመሳፈሩ ከ1 ሰዓት በላይ ቀድሞ መንቀልም አይችልም። በእኔ እምነት ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው፤ ደንቡ የሚለካው ሰዓቱን ነውና። የአውሮፓ ኅብረትም ዋና ዋና ወደቦቹ እስከ 2030 ድረስ ለኮንቴይነርና ለመንገደኛ መርከቦች ኤሌክትሪክ እንዲያቀርቡ፣ መርከቦቹም እንዲጠቀሙ የሚያስገድዱ ሕጎችን በ2023 አውጥቷል።

ወደ ዕቃው እንግባ። በመጀመሪያ ቮልቴጁ። ብዙ መርከቦች ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ 440 ወይም 450 ቮልት ነው። 2 ሜጋ ዋት በ440 ቮልት ለማስገባት፣ ፓወር ፋክተሩን (ከሚሳበው ኃይል ሥራ የሚሠራውን ድርሻ) 0.8 ብንይዝ፣ 3,280 አምፒር ያስፈልጋል። ይህን ለመሸከም ብዙ ወፋፍራም ኬብሎች ጎን ለጎን መሳብ ይኖርባቸዋል፤ እያንዳንዳቸውን ማንሳትና መሰካት ራሱ የሰዓታት ሥራ ነው። በ6.6 ኪሎ ቮልት ግን ያው ኃይል 219 አምፒር ብቻ ይጠይቃል። ስለዚህ ለኮንቴይነር መርከቦች የተያዘው ዓለም አቀፍ መመዘኛ 6.6 ኪሎ ቮልት፣ ሁለት ኬብል፣ ቢበዛ 7.5 ሜጋ ቮልት አምፒር (በቮልትና በአምፒር የሚለካ የመሸከም አቅም) ነው። ትልልቅ የቱሪስት መርከቦች በ6.6 ወይም በ11 ኪሎ ቮልት እስከ 16 ሜጋ ቮልት አምፒርና ከዚያ በላይ ስለሚወስዱ አራት የኃይል ኬብልና አንድ የኒውትራል ኬብል ይሰካላቸዋል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የከተማው መብራት ኃይል 34.5 ኪሎ ቮልት ያመጣል፤ በተርሚናሉ ያለው ትራንስፎርመር ወደ 6.6 ያወርደዋል፤ መርከቡ ላይ ያለው ሌላ ትራንስፎርመር ደግሞ ወደ 450 ቮልት ያወርደዋል። ቀድሞ ለዚህ ያልተሠሩ መርከቦች ትራንስፎርመሩን፣ ብሬከሩን (ኃይሉን የሚያገናኘውንና የሚቆርጠውን ማብሪያ ማጥፊያ) እና የኬብል መጠቅለያውን አንድ ላይ የያዘ ኮንቴይነር ከኋላ በኩል ደርበው ይጭናሉ።

ሁለተኛውና ውዱ ጉዳይ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። አብዛኞቹ ትልልቅ የንግድ መርከቦች የሚሠሩት በ60 ሄርዝ ነው። የአሜሪካ ግሪድም (የኤሌክትሪክ መረቡ) 60 ሄርዝ ስለሆነ ካሊፎርኒያ ትራንስፎርመር ብቻ በቅቷታል። አውሮፓ፣ አብዛኛው አፍሪካና አብዛኛው እስያ ግን 50 ሄርዝ ናቸው። የ60 ሄርዝ ሞተር በ50 ሲነዳ ፍጥነቱ ከመቶ 17 ይቀንሳል። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ከሆነ የሚገፋው ውኃ ወደ ከመቶ 83፣ ግፊቱ ወደ ከመቶ 69 ይወርዳል። ቮልቴጁ ሳይቀንስ በ440 ከቀረ ደግሞ የሞተሩ ብረት ከተሠራለት በላይ ማግኔት ይሞላበትና ይግላል፤ ጠመዝማዛው ሽቦ እስኪቃጠል የሚወስደው ጊዜ ረጅም አይደለም። ስለዚህ የ50 ሄርዝ አገር ወደብ የፍሪኩዌንሲ መቀየሪያ ማቆም ግድ ይለዋል። መቀየሪያው ሕንፃ ይፈልጋል፣ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ ከሚያሳልፈው ኃይልም ከመቶ 3 እስከ 5 ያህሉን ራሱ ይበላል።

አሁን አንድ መርከብ ሲሰካ ደረጃ በደረጃ እንከተለው፤ ሰዓቱ የሚተርፈውም የሚባክነውም እዚህ ነውና።

ሥራው የሚጀመረው መርከቡ ከመድረሱ በፊት ነው። ተርሚናሉ የመርከቡን ቮልቴጅ፣ ፍሪኩዌንሲ፣ የሚጠበቀውን የኤሌክትሪክ ጭነት፣ መሰኪያው በግራ ይሁን በቀኝ፣ ከአፍንጫው ስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። መርከቡ ሲታሰር የየብሱ ብሬከር ክፍት (ኃይል የማያሳልፍ) ሆኖ፣ ወደ መርከቡ የሚሄደው መስመር በኧርዝ ስዊች ከመሬት ጋር ተገናኝቶ ይቆያል። በመርከቡም በኩል እንዲሁ። ከዚያ ከመርከቡ መጠቅለያ ሁለቱ ኬብሎች ይወርዳሉ። የየብሱ ሠራተኛ በመቆሚያው ጠርዝ ያለውን የሶኬት ጉድጓድ ክዳን ከፍቶ የፕላጉን ፒኖች አንድ በአንድ ያያል። ጨው፣ እርጥበት፣ የተቃጠለ ምልክት ካየ አይሰካም፤ በ6.6 ኪሎ ቮልት እርጥብ ጨው መንገድ ሆኖ ብልጭታ ያሳልፋል።

ፕላጉን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሦስት የኃይል ፒን፣ አንድ የመሬት ፒን፣ ከእነሱ ያጠሩና የቀጠኑ የፓይለት (የቁጥጥር) ፒኖች አሉት። የመሬቱ ፒን ሲሰካ ቀድሞ ይነካል፣ ሲነቀል መጨረሻ ይለቃል። የፓይለት ፒኖቹ በተቃራኒው መጨረሻ ነክተው መጀመሪያ ይለቃሉ። በእነዚህ ፒኖች የሚያልፍ አነስተኛ የቁጥጥር ጅረት ሁሉም ነገር በቦታው ሲሆን ብቻ ቀለበቱን ይዘጋል። አንድ ሰው በስህተት ፕላጉን ቢስብ፣ የኃይሉ ፒን ከመላቀቁ በፊት የፓይለቱ ቀለበት ይከፈትና ብሬከሩ ይዘላል፣ ማለትም ኃይሉን ይቆርጣል። በዚህ ምክንያት ጭነት የተሸከመ ፒን እሳት ሳይረጭ ይለያያል። ይህን ንድፍ ያወጡ መሐንዲሶች ለሚሰካው ሰው ሕይወት ምን ያህል እንደተጨነቁ ፒኑን ያየ ሁሉ ይረዳል።

ከተሰካ በኋላ ቁልፎች ይለዋወጣሉ፤ የአንዱ ሳጥን ቁልፍ ካልወጣ የሌላው አይከፈትም። ኧርዝ ስዊቹ ይከፈታል፣ የየብሱ ብሬከር ይዘጋል (ኃይል ያሳልፋል)፣ መርከቡ ላይ ቮልቴጅ፣ ፍሪኩዌንሲና የፌዝ (የሦስቱ የኃይል መስመሮች) ቅደም ተከተል ይረጋገጣሉ። ከዚያ የመርከቡ ጄኔሬተር ከየብሱ ጋር ሲንክሮናይዝ ይደረግና (ቮልቴጁና ምቱ እንዲገጥም ይደረግና) የመርከቡ ብሬከር ይዘጋል። ጭነቱ ቀስ በቀስ ወደ የብስ ይዛወራል፤ ጄኔሬተሩ ጭነቱን ለቆ ጥቂት ከቀዘቀዘ በኋላ ይቆማል። ሲንክሮናይዝ ማድረግ የማይችል መርከብ ግን ለአፍታ ሙሉ በሙሉ መጨለም አለበት። የቁጥጥር ኮምፒውተሮቹንና የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮቹን መልሶ ማስነሳት ጊዜ ይወስዳል፤ ሠራተኛው የሚጠላውም ይህንን ነው።

የሚበላሸው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ቦታው። መርከቡ በዕለቱ በሌላው ጎኑ ከታሰረ፣ ወይም በክሬን ሥራ ምክንያት 30 ሜትር ወደፊት ከተገፋ፣ ኬብሉ ሶኬት ጋ አይደርስም። ሚሊዮኖች የፈሰሰበት መሣሪያ ያን ቀን ምንም አይሠራም። መፍትሔው የሶኬት ጉድጓዶችን አቀራርቦ መሥራትና መርከቡን የሚያስቀምጠው የተርሚናል ዕቅድ አውጪ ሶኬቱን ከክሬኑ እኩል እንዲቆጥር ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ የፓይለት ቀለበቱ አይዘጋም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተጣመመ ፒን፣ ተገፍቶ ያልቆለፈ ፕላግ፣ ወይም የሆነ ቦታ ተጭኖ የቀረ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፍ ነው። ያንን አንድ ቁልፍ ለማግኘት ሁለት ቡድን መርከቡንና ተርሚናሉን ሲዞር አንድ ሰዓት ይሄዳል። ሦስተኛ፣ የኬብሉ ውጥረት። ኮንቴይነር ሲወርድ መርከቡ ከፍ ይላል፣ ሲጫን ዝቅ ይላል፤ ባሕሩም ሞልቶ ይጎድላል። መጠቅለያው ይህን ተከትሎ ኬብል መልቀቅና መሰብሰብ አለበት። ሞተሩ ወይም ውጥረት ለኪው ከተበላሸ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰማል፤ ቀጥሎ ሲስተሙ ራሱን ያጠፋል። የመርከቡ ገመዶች ልል ሆነው ሲቀሩም ይኸው ነው።

አራተኛው ኤሌክትሪካዊ ነው። የመርከቡ ትራንስፎርመር በመጀመሪያ ሲነሳ ለአፍታ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ጅረት ይስባል፤ የመከላከያ ሪሌው (ብሬከሩን እንዲቆርጥ የሚያዘው መሣሪያ) በዚያ ልክ ካልተስተካከለ ብሬከሩ ደጋግሞ ይዘላል። የፍሪኩዌንሲ መቀየሪያ ባለበት ወደብ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለ። ሲንክሮናይዝ ሲደረግ የመርከቡ ጄኔሬተር ትንሽ ኃይል ወደ የብስ ሊገፋ ይችላል፤ ኃይል መልሶ መቀበል የማይችል መቀየሪያ ራሱን ያጠፋል። ሾርት ሲፈጠር መቀየሪያው የሚሰጠው ጅረትም ውስን ነው፤ መርከቡ ውስጥ ያለው ብሬከር ግን ለመዝለል ትልቅ ጅረት ይጠብቃል። ስለዚህ የአንድ ፓምፕ ብልሽት ፓምፑን ብቻ ለይቶ በማጥፋት ፈንታ መርከቡን በሙሉ ያጨልማል። ይህ በወረቀት ጥናት የሚፈታ ነገር ነው፤ መርከቡ ከመጣ በኋላ ግን አይፈታም። የመጀመሪያው ጉብኝት ለሙከራ ሰፊ ጊዜ የሚመደብለትም ለዚህ ነው።

የየብሱ ኤሌክትሪክ በድንገት ቢቋረጥስ? ተጠባባቂው ጄኔሬተር የማቀዝቀዣ ውኃው ተሞቆ፣ በራሱ እንዲነሳ ተዘጋጅቶ መቆየት አለበት። የአደጋ ጊዜ ጄኔሬተሩም በዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት መሠረት በ45 ሴኮንድ ውስጥ ጭነት መሸከም ይኖርበታል። ይህን በየጊዜው የማይፈትሽ መርከብ መሰካትን ይፈራል፤ የፈራ መርከብ ደግሞ ዘግይቶ ይሰካል፣ ቀድሞ ይነቅላል።

ወደ ሰዓቱ እንመለስ። 40 ሰዓት ከሚቆም መርከብ ላይ ለመሰካት 3 ሰዓት፣ ቀድሞ በመንቀል 2 ሰዓት ቢባክን ከመቶ 12 ተኩል ጠፋ ማለት ነው። 10 ሰዓት ብቻ የሚቆም መርከብ ያንኑ 5 ሰዓት ቢያባክን ግማሹ ሄደ። ስለዚህ አጭር ቆይታ ላላቸው መርከቦች የመሰኪያው ፍጥነት ከሜጋ ዋቱ ይበልጣል። እያንዳንዱ ተርሚናል አራት ሰዓቶችን በትክክል ቢመዘግብ፣ ማለትም ገመድ የታሰረበትን፣ ጄኔሬተር የጠፋበትን፣ ጄኔሬተር የተነሳበትን፣ ገመድ የተፈታበትን፣ ጉድለቱ የት እንዳለ በአንድ ወር ውስጥ ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚታየው በፈረቃ ለውጥ መሀል ኬብል የሚቀበል ኤሌክትሪሽያን አለመኖሩ ነው።

ሁለት ነገሮችን ማመን አለብን። መርከቡ ተሰክቶም ቢሆን ነዳጅና ዘይት የሚያሞቀው ቦይለር መቃጠሉን ይቀጥላል፤ ጭነቱን የሚያራግፍ በእንፋሎት የሚሠራ ፓምፕ ባላቸው ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ይህ ድርሻ በጣም ትልቅ ነው። «ልቀቱ ዜሮ ሆነ» የሚለውን አባባል ስትሰሙ ቦይለሩን ጠይቁ። ሁለተኛው የግሪዱ ምንጭ ነው። ከላይ ባሰላነው መሠረት የመርከቡ ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 0.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ከዚህ ይብሳል፤ ስለዚህ በከሰል ግሪድ ላይ የወደቡ አየር ይጸዳል እንጂ ለአየር ንብረቱ የሚተርፍ የለም። ግሪዱም የሚጨነቅበት ጊዜ አለ፤ ካሊፎርኒያ በ2022 የበጋ ማብቂያ ላይ በደረሰው ከባድ ሙቀት ወቅት መርከቦች ለጊዜው በራሳቸው ጄኔሬተር እንዲሠሩ ፈቅዳ ነበር።

ስለ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ናፍጣ በቶን 700 ዶላር ቢሆን የመርከቡ ኤሌክትሪክ በነዳጅ ብቻ በኪሎ ዋት ሰዓት 15 የአሜሪካ ሳንቲም ያወጣል፤ ጥገናው ሲቀር። የየብሱ ታሪፍ ከዚህ በታች ሆኖም ወደቡ ሊከስር ይችላል፤ መብራት ኃይል የሚያስከፍለው በተጠቀሙት ብቻ ሳይሆን በወሩ ከፍተኛ በደረሰው ሜጋ ዋትም ጭምር ነውና። በሳምንት አንድ መርከብ የሚሰካበት ሶኬት ለእያንዳንዷ ኪሎ ዋት ሰዓት ውድ ነው፤ ዘወትር የሚሰካበት ግን ርካሽ ይሆናል።

በመጨረሻ የኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ዕቃ በብዛት ስለሚያልፍበት ስለ ጅቡቲ ጥቂት ልበል። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በ230 ኪሎ ቮልት መስመር ኤሌክትሪክ ከኢትዮጵያ ትወስዳለች፤ ምንጩም በአብዛኛው ውኃ ነው። እንግዲህ ከላይ ካሰላነው 41 ቶን፣ በመስመርና በመቀየሪያ ከሚባክነው በቀር፣ አብዛኛው በእርግጥ ይቀራል፤ ከሰል ግሪድ ያላቸው ወደቦች ይህን ዕድል አያገኙም። ግሪዱ 50 ሄርዝ ስለሆነ መቀየሪያው ግን አይቀርም። ትራንስፎርመሮች በመደበኛው መመዘኛ የሚሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ለሚደርስ የአየር ሙቀት ነው፤ የጅቡቲ በጋ ከዚህ ያልፋል፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር አቅሙ ከፍ ተደርጎ መታዘዝ አለበት። ባቡሩ በኤሌክትሪክ እስከ ጅቡቲ ይደርሳልና ከእሱ መስመር መጥለፍ ይቻላል ብሎ የሚያስብ ሊኖር ይችላል። አይሆንም፤ የባቡሩ 25 ኪሎ ቮልት ነጠላ ፌዝ ነው፣ መርከቡ ደግሞ ሦስት ፌዝ ይፈልጋል። የራሱ መስመር ከሰብስቴሽን መምጣት አለበት።

መጀመር ያለበት ተመላልሰው በሚመጡ መርከቦች ነው ብዬ አምናለሁ። የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሁለገብ መርከቦች ለዚህ ይመቻሉ። የኤሌክትሪክ ጭነታቸው ከትልልቆቹ ኮንቴይነር ጫኞች ያነሰ ስለሆነ ምናልባት በ440 ቮልት ጥቂት ኬብሎች ይበቃሉ፤ በራሳቸው ክሬን ሲያራግፉ ጭነቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ግን የመቀየሪያው አቅም በአማካዩ ሳይሆን በከፍተኛው መመረጥ አለበት። የሚሰካው ሰውም አለን፤ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ተቋም በኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰርነት የሠለጠኑ ወጣቶች በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ይሠራሉ፤ ይህ ሥራ የእነሱ ሙያ ነው።

ገንዘቡ ገና ያልተገኘ ወደብ እንኳ ዛሬ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር አለ። የመቆሚያው ጠርዝ በሚታደስበትና ኮንክሪት በሚፈስበት ጊዜ ባዶ የኬብል ቱቦዎችን መቅበር፣ የሶኬት ጉድጓዶቹን ቦታ በየተወሰነ ርቀት መተው፣ ከጀርባ ለትራንስፎርመርና ለመቀየሪያ የሚሆን መሬት በካርታው ላይ ማስከበር። ቱቦው ርካሽ ነው። ኮንክሪቱን በኋላ ሰብሮ መቆፈር ግን ክሬኖቹን ያስቆማል፣ መርከቦችንም ያሰልፋል፤ ብዙ ወደቦች ሥራውን ለዓመታት የሚያራዝሙትም በዚሁ ቁፋሮ ምክንያት ነው።